ንባቡ ያማረ፣ ነገሩ ያልገባው

ከፈተናው ክፍል ወጥቼ ስወርድ ሁለት ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመው ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው የዶክትሬት ተማሪዎችን በባዕድ ቋንቋ ንባብ የሚፈትኑት፣ ከጀርባቸው «ጋሼ ድምፁ» የምንላቸው አንጋፋ መምህር ናቸው። ሌላው በቅርቡ በመምህርነት የተቀጠረው የእህታቸው ልጅ ነው። ክርክሩ ጋሼ ያን ዕለት ጠዋት ስለጣሏት ተማሪ ነበር። ልጅቱ ትንተባተባለች። የመጨረሻ ዕድሏ ስለነበረ የዓመታት ልፋቷን ውሃ በላው።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ጮክ ብላ ማንበቧ ለጥናቷ ምን ይረባታል? ለሥራዋ የምታነበው ለብቻዋ ነው።»

«ልጄ፣ ከአፉ ያላወጣውን ሰው እንዴት አነበበ እላለሁ? እኛም የተፈተንነው እንዲሁ ነው።»

«አንድ ገጽ ይስጧትና ዝም ብላ ታንብብ። ከዚያ ጸሐፊው ምን አለ፣ በምን አስረዳ፣ የቱ ላይ ተጠራጠረ ብለው በራሷ ቋንቋ ይጠይቋት። መዝገበ ቃላትም አይከልክሏት፤ እኛስ ስንሠራ ማን ይከለክለናል?»

«መዝገበ ቃላት ይዞማ የትም የዋለ ሁሉ ያልፋል!»

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ጥፋታቸው ከአእምሯቸው ይልቅ ጆሯቸውን ማመናቸው ነው። ፈተና ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ንባቡ ከጣማቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በቃ፣ ተማሪው አለፈ።

ይህን ሲባባሉ፣ ጠዋት ልጅቱ የወደቀችበትን ገጽ እንደ ውሃ አፍስሶት ያለፈው ጎረምሳ ደረጃውን ሲወጣ ደረሰ። የእህታቸው ልጅ አስቆመው።

«ወንድሜ፣ ጠዋት ያነበብከው ምን ይላል?»

«ስለ ውሃ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው በጣም ጥሩ መሆኑን ያስረዳል። እኔም ለጥናቴ ድጋፍ አድርጌ ልጠቅሰው ነው።»

ጋሼ ገጹን ከቦርሳቸው አወጡ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ያለ ድምፅ ሲያነቡ ያየኋቸው ያኔ ነው። ጸሐፊዎቹ፣ ቀድሞ ያመሰገንነው ማጣሪያ መርዙን አያስቀርም፣ ተሳስተናል፣ ሰው አይጠጣበት ይላሉ።

«ይህን ገጽ ስንቱን አስነበብኩት!» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «ለካ እኔም አላነበብኩትም። ልጅቱ ‹መርዙን አያስቀርም› ልትለኝ ጀምራ ነበር። ‹አንብቢ እንጂ አውሪ አልተባልሽም› ብዬ አፏን ዘጋሁት።»

የእህታቸውን ልጅ ማሸነፉ ደስ አላሰኘውም፤ መሬት መሬት አየ።

ጋሼ ከዚያ ወዲያ አላንገራገሩም። ራሳቸው የመምህራኑ ጉባኤ ፊት ቆመው ተከራክረው ደንቡን አስለወጡ። ዛሬ ተማሪው ዝም ብሎ ያነባል፤ የገባውን በራሱ ቋንቋ ይጽፋል። ምላሱ የከበደው በምላሱ አይፈረድበትም፤ ምላሱ የቀለለውም ያልገባውን ጠቅሶ ሰው መርዝ አያጠጣም። መምህራኑም ሌላውን ሊጠይቁ ሲሉ ራሳቸው ማንበብ ግድ ሆኖባቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ምናልባት ይኸኛው ነው።

ለልጅቱ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነው። ጋሼ የትምህርት ክፍሉን አለቃ ቢለምኑ፣ «አዲስ ደንብ ወደኋላ አይሠራም» ተባሉ። ማስረጃዋን ልትወስድ በመጣች ዕለት ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቋት። ሰው ሁሉ ያያል። እሷም ሳትቸኩል መለሰች፦

«ለ... ለሚመጡት ደግ አደረጉ፣ ጋሼ። እኔ ግን ቀ... ቀድሜ ነው የመጣሁት።»