ጡረተኛው ፖሊስ የነገሩኝ

ይህን እስከ ዛሬ ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም። ዳላስ ነርሲንግ ስማር፣ ሚስተር ሮይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ፖሊስ አብረውን ይማሩ ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የመርፌ ልምምድ ላይ ክንዱን የሚሰጣቸው ጠፋ። ልጆቹ «ሸሪፉ መጣ፣ አምልጡ!» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንደ ምንም ደፍሬ፣ «ፖሊስነቱን ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«በአንዲት ሴት ምክንያት» አሉኝ። «ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ውስጥ መኪናዋን አስቆምኩ። ፖሊስ ሲያስቆምሽ ከወንበርሽ ንቅንቅ አትዪም አይደል? እሷ ግን ወርዳ፣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ እኔ መጣች። ሽጉጤን ደገንኩባት። ብጮህም አልቆመችም። ቃታውን ልስብ ስል፣ አንገቷን እንደደፋች መንጃ ፈቃዷን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ አልረጋም። ሊገድል የነበረ እጅ እስቲ ማከም ይልመድ ብዬ እዚህ መጣሁ።»

ያቺ ሴት እኔ ነበርኩ። ለአገሩ አዲስ ነበርኩ፤ ሹም ቆሞ እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቁ ነውር መስሎኝ ወረድኩ። ሲጮሁብኝም ዘግይቼ የተቆጡኝ መስሎኝ ፈጠን አልኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ለባለቤቴ «አንድ ባለጌ ፖሊስ ጮኸብኝ» ብዬ አማኋቸው። አቀርቅሬ ስለነበር ፊታቸውንም ሽጉጣቸውንም አላየሁም።

ምሳዬን ትቼ ተነስቼ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ልምምዱ ሲጀመር፣ ሚስተር ሮይ ፊት ተቀመጥኩና እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁላቸው።