የንቡ አውራ

በ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ፣ ዘማች ሆኜ በተመደብኩባት በስማዳ ከወገዳ ገበያ እመለስ ነበር። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አፉ በጨርቅ የተወተፈ የንብ ቀፎ በትከሻቸው ከተሸከሙ ሽማግሌ ጋር ተገናኘሁ። ከኋላቸው ፊደል ከማስቆጥራቸው ሴቶች አንዷ ተዋበች ትከተላለች። ባሏ ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ሽማግሌው የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሼ እንየው ናቸው።

ረጅሙ ሰላምታ እስኪያልቅ ንቦቹ በቀፎው ውስጥ ያጉረመርሙ ነበር። ነገሩን ተዋበች ነገረችኝ። ባሏ ጥሎላት የሄደው ንብ ነው፤ ጋሼ እንየው ግን ቀፎዎቹን ሁሉ ወደ ራሳቸው ግቢ ማዛወር ጀምረዋል፤ ማሩ ሲቆረጥ ድርሻዋን ሊልኩላት።

«ድርሻ እየተሰፈረልኝ የምኖር ከሆነማ» አለች፣ «ጎጆዬ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሼ እንየው ስግብግብ ሰው አይደሉም። የወንድማቸው ልፋት በርሮ እንዳይቀር ከልባቸው ፈርተዋል።

«ስሚ ልጄ፣ ንብ የሚያድረው በአውራው ነው። አውራው ወንድ ነው። ሴት ቀፎ ከከፈተችበት ይንቃትና መንጋውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

«ጋሼ እንየው፣ አውራው ሴት ነው» አልኳቸው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጨዋነት ነበር፤ ግን እየመሸ ነው።

ቀፎውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛውረው ሳቁ። «ንጉሡን አወረዳችሁ፤ ይሁን። አሁን ደግሞ የንቡን ንጉሥ ሴት ልታደርጉት መጣችሁ?»

ተዋበችም አብራ ሳቀች፤ የተያዘው የራሷ ጉዳይ መሆኑን የረሳች መሰለኝ።

እጩ፣ አድጎ ንብ የሚሆነው ትል፣ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳቸው። ንቦቹ እንደ ማሩ ከአበባ ይለቅሙታል አሉኝ።

«አውራው የሞተበት ቀፎ ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ሞልቶ። በጣቴ የጨፈለቅኩትም አለ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አዲስ ካልተተካ እጩ ያልቅና መንጋው ተመናምኖ ይጠፋል።»

«ያን ጊዜ አበባ አልነበረም?»

«አደይ ነበር እንጂ፤ ሜዳው ሁሉ ቢጫ።»

«ታዲያ አበባው ሞልቶ ሳለ እጩ ለምን አለቀ?»

ቀፎውን ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። እንዲህ በጥያቄ ሲያዙ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ መምህራን ዩኒቨርሲቲ አይቻለሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ቀፎው ላይ አሳርፈው አሰቡበት።

ፈረንጆችም ለብዙ ዘመን ንጉሥ ሲሉት ኖረው፣ አንድ ሰው የሞተ አውራ ሰንጥቆ በማጉያ መነጽር ሲያይ እንቁላል እንዳገኘበት ነገርኳቸው። ዓይነ ስውር የነበረ ሌላ ሰውም፣ አሽከሩ እያየ እየነገረው፣ የንብን ኑሮ ከዓይናሞቹ አብልጦ እንዳወቀ ጨመርኩላቸው። ይህን ወዲያው አመኑ፤ በዜማ ትምህርቱ በሚታወቀው በቤተ ልሔም ደብር ዓይነ ስውር መምህር ያውቃሉ። አበባ ያገኘች ንብ ወዴት እንደሆነ ለእኅቶቿ በጭፈራ ትነግራለች ስላቸው ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ወንድ የለም በይኛ» አሉ።

«አለ። ድንጉላው ነው። አይቀስምም፣ አይናደፍም፤ አበባ ሲጠፋ ይባረራል።»

«ሲባረርስ አይቻለሁ» አሉ ቅር እያላቸው። «ከቀፎው ሥር ረግፎ ይገኛል።»

«ያባረሩት እንግዲህ ሴቶቹ ናቸዋ፣ አያ እንየው» አለች ተዋበች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«ታዲያ ለምን አውራ ተባለ?» አሉ ጋሼ እንየው።

«የጥንት ሰዎች የሚያዝዝ ሁሉ ወንድ ስለመሰላቸው» አልኩ።

ጋሼ እንየው ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ ቀፎውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ መጡበት፣ ወደ ተዋበች ግቢ አዞሩ። ቀድሞ የወሰዱትንም በማግሥቱ መለሱ።

አለማወቅ የሚያስከፍለውን ሰው አይቆጥረውም እንጂ፣ አንዲት ቃል ይህችን ሴት ከገዛ ሀብቷ ልታፈናቅላት ነበር። አሁን ማሯን ራሷ ትሸጣለች፤ የማንንም እጅ አታይም። ልጇን ወገዳ ትምህርት ቤት አስገብታለች። ንቡም አልሸሸም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማሩ ሲቆረጥ ተጠርቼ ሄድኩ። ተዋበች እጇን ቀፎው ውስጥ ከታለች፤ ጋሼ እንየው ጭሱን ይዘው ከጎኗ ጎንበስ ብለዋል። ጎረቤቶች ሴቲቱ ስትነደፍ ለማየት አጥሩን ተደግፈዋል።

«ቀስ በይ» አሉ ሽማግሌው፣ «አውራዋን እንዳትጨፈልቂያት።»

«አውራውን ማለትዎ ነው» አለ አንዱ ከአጥሩ ወዲያ።

ጋሼ እንየው ቀና አላሉም። «አውራዋን» አሉ።