የምንይችል ይቅርታ

ብዙ ሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ እንደ ምንይችል ያለ መልስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ምንይችል እዚሁ ሞጣ ፎቅ ሲሠራ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ወገቡ የተጎዳ ግንበኛ ነው። አሠሪው ጎረቤቴ ነው። "አሳክሜው ሳለ የጉዳት ካሳ ብሎ ከሰሰኝ፤ እባካችሁ አስታርቁኝ" ብሎ ሦስት ሽማግሌዎች ላከን። ከምንይችል ቤት ገብተን "ይቅር በለው፤ ያለዚያ አንቀመጥም" አልነው። ከተኛበት ቀና ለማለት እየሞከረ "ይቅር ብየዋለሁ አባቶቼ፣ ተቀመጡ" አለን። ደስ ብሎን ተቀመጥን። "እንግዲያው ክሱን ታነሣለሃ" አልሁት።

"አላነሣም" አለኝ፤ በድምፁ ቁጣ የለም። "ቂሙ የእኔ ነበር፣ ትቼዋለሁ። ካሳው ግን የልጆቼ ጉርሻ ነው። የእነሱን ምን ብየ እተወዋለሁ?"

ሦስታችንም መሬት መሬቱን አየን። ለማስታረቅ ሄደን ለካ ከልጆች አፍ ልንቀማ ኖሯል! ተመልሰን ምንይችል ያለውን ሁሉ ለአሠሪው ነገርነውና "ይቅርታውን አምጥተንልሃል፤ ካሳውን ደግሞ አንተ ውሰድለት" አልነው። ይቆጣናል ብየ ነበር። "እንዲህ አለ?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። በቀጠሮው ቀን ችሎት ቀርቦ "አልከራከርም፣ እከፍላለሁ" አለ።