የእትዬ ብርቄ ባሕር ዛፍ

ባለፈው ሰሞን ገነተ ማርያም አካባቢ፣ እትዬ ብርቄ ያስቆረጡትን ባሕር ዛፍ ከወንድሜ ጋር ለሳንቃ ስንሰነጥቅ መጋዛችን ብረት ነክሶ ቆመ። ጥርሱ ረገፈ። እየተራገምኩ ግንዱን በመጥረቢያ ብፈልጠው፣ ዛፉ የዋጠው ማጭድ ወጣ።

እትዬ ብርቄ ሲያዩት ክው አሉ። «የሟች ባለቤቴ ነው! ከአጨዳ ሲያርፍ በዚህ ዛፍ ባላ ላይ ይሰካው ነበር፤ ለካ እዚያው ረስቶት ኖሯል። እኔ ግን ጎረቤቴን አያ ሞላን ሌባ ብዬ ይኸው ስንት ዓመት ተኳርፈናል» አሉኝ። ንዴቴ ጠፋ። ማጭዱን ይዘው ሲሄዱ ተከተልኳቸው።

አያ ሞላ ይቅርታውን ሰምተው ማጭዱን አገላብጠው አዩት። «ሌባ መባሉንስ ችየው ነበር» አሉ። «የባልሽን መቃብር ልቆፍር ስመጣ ዶማውን ከእጄ ያስነጠቅሽኝን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳው?»