የአራሷ ቤት ከሰል

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ከማስተምርበት የባሕር ዳር ትምህርት ቤት ስመለስ አለቃ ፅጌ ማርያምን መንገድ ዳር አገኘኋቸው። ከሰባታሚት መንደር ከመጡ ከሰል ሻጭ ሴቶች አንድ ጆንያ ገዝተው ያሸክማሉ።

«ደኅና ዋሉ አለቃ? ይህ ሁሉ ከሰል ለምን ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህርት እሌኒ። ልጄ አደይ ከወለደች አምስት ቀኗ ነው። ከትናንት ጀምሮ ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል። ንፋስ ቢገባት ነው ብዬ መስኮቱን በጨርቅ ወትፌ፣ ምድጃውን እግሯ ሥር አድርጌ አሞቃታለሁ።»

«ሕፃኑስ?»

«እሱማ ጨዋ ነው፤ ጡትም ሳይል ተኝቶ ይውላል።»

ደሜ ፈላ። «አለቃ፣ ልጅዎን እየገደሏት ነው!» አልሁ፤ ትሕትናው ሁሉ ጠፋኝ።

«ኧረ በስመ አብ! ምን ትያለሽ አንቺ? እንጨት እንኳ አላነደድሁም። ከሰል ጭስ የለው፣ ሽታ የለው!»

«ክፋቱ እሱ አይደል! ይልቅ ቶሎ ይራመዱ።»

እየተጣደፍን ክርክሩን አላቋረጥንም። «ቂጣ ሲያር፣ ስኳር ሲቃጠል፣ እንጨት ሲነድ የሚጠቁሩት ሁሉም ካርቦን ስላላቸው ነው። ከሰል ደግሞ ከእንጨቱ ሌላው በንኖ የቀረው ካርቦን ነው። አየር እንደ ልብ ሲያገኝ፣ እኛ ወደ ውጭ የምንተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል።»

«አባቶቻችን እሳት ሲሞቁ አልኖሩም?»

«የአባቶችዎ ጎጆ በሣሩም በግድግዳውም አየር ያስገባ ነበር። የእርስዎ ቤት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው፤ የቀረችውን ቀዳዳም እርስዎ ደፈኗት!»

አለቃ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ደርሰን በሩን በረገድነው፣ ምድጃውን ወደ ውጭ ወረወርነው፣ እናትና ልጅን ተሸክመን በረንዳ ላይ አወጣናቸው። ሕፃኑ ዝም አለ። አለቃ «ማረኝ፣ ማረኝ» ይላሉ። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ቀጭን ድምፅ አሰማ፣ ከዚያም አለቀሰ። ሁለቱንም ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ኦክስጅን ተሰጣቸው።

አደይ ሲሻላት እጄን ይዛ፣ «ይህንን እኮ አስተምረውናል፣ መምህርት። ፈተናም ላይ መልሼው ነበር» አለችኝ። ያኔ ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ሰሌዳ ሙሉ ቀመር ስጽፍ «ምድጃ» የሚል ቃል አንድ ቀን እንኳ ከአፌ አልወጣም! ይህ ምን ማስተማር ነው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሙ። «ስሙኝ! ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ፤ ፍም ቢሆንም ዘግታችሁ አትሙቁ፤ አራስን በልብስ እንጂ በታፈነ እሳት አታሙቁ። ጭስ የለውም ብላችሁ...»

ንግግራቸውን አልጨረሱም። ወለተ ሩፋኤል የምትባል ጎረቤታቸው «ልጄን! ዘግቼበት መጣሁ!» ብላ ጮኸች፤ ነጠላዋ ሲወድቅ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ቤቷ ሮጠች።