«ዘመድ» በሚል ስም ወደ ልብስ ሰፊዋ ላፕቶፕ ስለተገባበት ሁኔታ የጥገና ባለሙያዋ የሰጠችው ቃል

የምስክሯ ስም፦ በታሸገ ፖስታ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ፤ በሥራ ቦታዋ «ብሎን» በሚል ቅጽል የምትጠራ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ ኮምፒውተር ጥገና
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከጥገና ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ በወሩ በ19፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ የወንጀል ምርመራ ክፍል ሳጅን

እኔ ስሜ በፖስታው ውስጥ የተጠቀሰው ምስክር፣ በልብስ ሰፊዋ ላይ ስለደረሰው ጉዳትና ከዚያ በፊት ስለሆነው ነገር ያየሁትን፣ የሰማሁትንና በገዛ እጄ ያደረግኩትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በጥገና ቤቱ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የቤቱ ባለቤት ደንበኛው ሁሉ «ማስተር» እያለ የሚጠራቸው የ61 ዓመት ሰው ናቸው። ስቀጠር ጠመዝማዛ መፍቻ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላውቅም ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብሎን እየጣልኩ ወለል ለወለል ስፈልግ ስለምውል «ብሎን» የሚለውን ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። አባቴ በሕይወት ስላልነበረ ሠርጌ ላይ በአባት ቦታ የተቀመጡትም እሳቸው ነበሩ።

ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ዋና ሥራችን ያረጁ ኮምፒውተሮችን ማንሣት ነው። የተንቀራፈፈውን አሮጌ ሲስተም እናወጣና ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም እንጭናለን፤ ሊጣል የነበረ ላፕቶፕ እንደ አዲስ ይሠራል። ደንበኞች «ይሄ ነገር ነፃ ከሆነ ውስጡ ምን አለበት?» ብለው ሲጠይቁኝ «ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያነበዋል፣ የተደበቀ ነገር የለበትም» እያልኩ እመልስ ነበር። ሊኑክሱን የምንጭንበትን ፍላሽ የሚያዘጋጁት ማስተር ናቸው። እኔ ፍላሹን ሰክቼ እጭናለሁ። ከመጫን በቀር አንድም ቀን ከፍቼ ውስጡን መርምሬው አላውቅም። ይህ ሳልጠየቅ የተናገርኩት ስለሆነ እንዳለ ይያዝልኝ።

ባለፈው ወር በ12፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ልብስ ሰፊዋ ላፕቶፕ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ዕድሜዋ 29 ነው፤ ከባሏ ከተለየች አምስት ወር ሆኗታል። በላፕቶፑ ለደንበኞቿ የልብስ ሞዴል ታሳያለች፤ ከእህቷ ጋርም ታወራበታለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ያዳምጠኛል ብልሽ አብዳለች ትያለሽ?» አለችኝ። ስመረምረው የምትጽፈውን ሁሉና ካሜራው የሚያየውን ወደ ሌላ ሰው የሚልክ ፕሮግራም አገኘሁበት። ከባሏ ጋር አብረው በሚኖሩበት ጊዜ የተጫነ ነው። ሙሉ በሙሉ ደምስሼ ከማስተር ፍላሽ ሊኑክስ ጫንኩላት። የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስጨርስ «ከእንግዲህ ከአንቺ በቀር ማንም አይገባበትም» አልኳት። ሳቀች። «እንግዲያው ዛሬ እየዘፈንኩ ነው የምሰፋው» ብላኝ ሄደች። በዚያው ሳምንት ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየች። አድራሻውን ከእህቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

በዚህ ወር በ9፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የያዘችው ስልክ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። ከማታውቀው ቁጥር የመጣ መልእክት አሳየችኝ። «አረንጓዴው መጋረጃ ያምራል፤ እጅሽ ይባረክ» ይላል። መጋረጃውን ራሷ ሰፍታ የሰቀለችው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ውስጥ እግሩን ያስገባ ሰው የለም። «ከመንገድ ላይ አይቶት ይሆናል» ስላት «መስኮቴ እኮ ከግድግዳ ጋር ነው የተፋጠጠው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሥራዬን የተጠራጠረችብኝ መስሎኝ ከፋኝ። ማስተርን ባማክራቸው «ልጄ፣ የፈራ ሰው የሌለ ነገር ያያል። ስልኳን እይላትና ሸኛት» አሉኝ። ስልኩን አየሁት፤ ምንም የለበትም። ላፕቶፑን ሳልከፍት «እሱ ንጹሕ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የጫንኩት» ብዬ ሸኘኋት። እሷም እሺ ብላ ወጣች።

ረቡዕ በ11፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እህቷ ላፕቶፑን ታቅፋ ገባች። ማስተር ዕቃ ሊገዙ ወጥተው ነበር። የእህትየዋ ቀሚስ ላይ ደም ነበረበት፤ የእሷ አይደለም። እንደነገረችኝ የቀድሞ ባልየው ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቃት። በሩን ልትዘጋበት ስትሞክር ቀኝ እጇን በሩ መሐል አድርጎ ደጋግሞ ዘጋው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ጩኸቷን ሰምተው ዱቄታቸውን እንደተቀቡ ወጥተው ያዙት። እህትየዋ ላፕቶፑን ፊቴ አስቀምጣ «ማንም አይገባበትም ያልሻት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

በመጀመሪያ የኢንተርኔቱን መስመር ነቀልኩ። ከዚያ ላፕቶፑን እህትየዋ ባለችበት ከፈትኩት። ሊኑክስ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት እንደገባ የሚመዘግብበት ፋይል አለው። ገልጬ አነበብኩት። እኔ ከጫንኩበት ዕለት ጀምሮ ስድሳ ሁለት ጊዜ ከውጭ ተገብቶበታል። የገባው ሰው የይለፍ ቃል አልተጠየቀም፤ ቁልፍ ነበረው። ቁልፍ ስል ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ትንሽ ፋይል ማለቴ ነው። በቁልፉ መጨረሻ ላይ የተሠራበት ኮምፒውተር ስም ተጽፏል። ያነበብኩት ስም ዘወትር እግሬ ሥር ተቀምጦ የሚሠራው የጥገና ቤታችን ኮምፒውተር ስም ነው።

ተሳስቼ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፍላሹን ከመሳቢያው አውጥቼ ከፈትኩት። ቁልፉ እዚያም ውስጥ አለ። በሊኑክሱ ላይ ያን ቁልፍ የጨመሩት ማስተር ቢሆኑም ወደ ልጅቷ ቤት ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ።

ቀጥዬ የጥገና ቤቱን ኮምፒውተር አየሁ። በዚያ ፍላሽ የተጫነ ኮምፒውተር ሁሉ በተከፈተ ቁጥር ለእኛው ኮምፒውተር «አለሁ» እያለ መልእክት ይልካል። ዝርዝሩ አርባ ሦስት መስመር ነው፤ አጻጻፉ የማስተር መሆኑን አውቀዋለሁ። «ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል»፣ «መምህርቷ»፣ «ፖስተኛው»፣ «ልብስ ሰፊዋ» ይላል። አራተኛው መስመር ላይ «ብሎን ቤት» ይላል። የቤቴ ላፕቶፕ የሚቀመጠው መኝታ ክፍሌ፣ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ነው። እህትየዋ «ምን ሆንሽ? ምን አየሽ?» ትለኛለች። ቆይቼ ሳስተውል ፍላሹን ጨብጬ ኖሮ መዳፌ ላይ ቅርጹ ወጥቷል።

ወደ ኮምፒውተሮቹ ለመግባት የተፈቀደላቸው ስሞች ሁለት ናቸው። አንዱ የማስተር ነው። ሁለተኛው «ዘመድ» ይላል። የተፈጠረው ባለፈው ወር በ14 ነው፤ ልብስ ሰፊዋ በመጣች በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። «ዘመድ» የሚገባው ወደ አንድ ኮምፒውተር ብቻ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ነው። እሁድ በ8፣ ማለትም መጋረጃው በተሰቀለ ማግስት፣ አሥራ አራት ጊዜ ገብቷል።

ማስተር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ዝርዝሩን አሳየኋቸው። አልደነገጡም። «ለርቀት ጥገና ነው። አቅመ ደካማ ሰው እስከዚህ ከሚመላለስ እዚሁ ሆኜ ላስተካክልለት ብዬ ነው» አሉኝ።

«ነግረዋቸዋል?» አልኳቸው።

«ቢነገራቸው ይገባቸዋል እንዴ?»

«ዘመድ ማን ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ባሏ ነው። ኮምፒውተሯን ስታመጣ ተከትሏት ኖሮ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። እዚች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰብኝ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ምን ላድርግ? ደህና መሆኗን ብቻ ይይ፣ ልቡ ይረፍና ትዳሩ ይተርፋል ብዬ ነው» አሉ።

«ቤቷን ማን ነገረው?»

«እኔ አልነገርኩትም። ጠረጴዛዋ ላይ የዳቦ ቤቱ ወረቀት ከረጢት ነበር፤ ስሙን በካሜራው አንብቦ ራሱ አገኘው።»

«እጇን ሰብሮታል» አልኳቸው። እህትየዋ ጥግ ላይ ቆማ ነበር፤ አላዩዋትም። ማስተር ወደ መንገዱ በር ዞር ብለው አዩና «ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ደንበኛ ይሰማል» አሉኝ። በዚያ ቀን ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ የቀረው ይህ ነው።

«የኔን ቤትስ ለምን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ልጄ ነሽ፤ አንቺን ምን ብዬ አይሻለሁ?» አሉ። መዝገቡ በእሳቸው ስም ዘጠኝ ጊዜ እንደተገባበት ያሳያል። ካሜራው ተከፍቶ እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ ምንም አልቀየርኩም። መዝገቡን እህትየዋ እያየች ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥኩና ከቀኑ 9፡30 ላይ ሁለታችን ወደዚህ ጣቢያ አምጥተን አስረከብን። ማስተር አልከለከሉኝም። ስወጣ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

በማግስቱ ሐሙስና ዓርብ የዝርዝሩን ባለቤቶች ቤት ለቤት ዞሬ እንዲያጠፉት ነገርኩ። መምህርቷ ላፕቶፑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ሰገነቱ ላይ አውጥታ በሩን ቆለፈችበት። ጡረተኛው ፖስተኛ «እኔ እኮ ለልጅ ልጄ የምጽፈውን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፈው፤ ያንን ሁሉ ሰምተዋል?» ብለው ጠየቁኝ። መስማት አለመስማታቸውን እንደማላውቅ ነገርኳቸው። አንዲት እናት ልጇን ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ አድርጋ ታቅፋ እኔን ከደጅ አቁማ ዘጋችብኝ። አልፈረድኩባትም።

ቅዳሜ ሆስፒታል ሄጄ ልብስ ሰፊዋን አየኋት። እጇ እስከ ክርን በጀሶ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቿ ከእንግዲህ መርፌ እንደማይዙ ነግሯታል። ቁልፉን ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰኞ ዕለትም ሳልከፍት እንደሸኘኋት አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። «ነግሬሽ ነበር» አለችኝ።

ጉድለቱ የሊኑክስ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አይደለም ስል መልሻለሁ። ዋናው ሊኑክስ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለበትም፤ በእኛ ፍላሽ ላይ ብቻ የተጨመረ ነው። ክፍት ስለሆነም ከፍቶ ያየ ሰው በአሥር ደቂቃ ያገኘዋል። እኔ ራሴ ያገኘሁት በዚያ ፍጥነት ነው። ለደንበኛ ሁሉ «የፈለገ ሰው ያነበዋል» እያልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አላነበበውም፤ እኔም ጭምር።

በመጨረሻም ሳጅኑ ተጠርጣሪውን ቃሌን ስሰጥ ሁሉ በአንቱታ የምጠራው ለምን እንደሆነ፣ ፈርቻቸው እንደሆነም ጠይቀውኛል። አልፈራኋቸውም። «እሱ» ብዬ ልጀምር ሁለት ጊዜ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ፍርድ ቤት ስቀርብ ይለምድልኝ ይሆናል። ለዛሬው ግን በተናገርኩት መልክ ይጻፍልኝ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፊቴ ተነቧል። ሰዓቶቹንና ቁጥሮቹን ካስረከብኩት መዝገብ ጋር አመሳክሬያለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ስለሆነ፣ በእኔ ላይ የሚያስጠይቅ ነገር ቢኖርበትም እንዳለ እንዲቀመጥ ፈቅጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ ____________

ቃሉ ሲነበብ የተገኘች ታዛቢ (የተጎጂዋ እህት) ፊርማ ____________