ለዘይቱና ዓይን የተመረጠው ስክሪን

ነይ ናዝሬት፣ ግቢ። ብርዱን እንዴት ቻልሽው? ዛሬ የጭላሎ ተራራም ጉሙን ተከናንቦ ቀረ... እዚህ ጥራዝ ክፍል ትንሽ ይሻላል። እኔ የሺሃረግ እባላለሁ፤ በዚህ ማተሚያ ቤት ወረቀት ስጠርዝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አዲሷ ዲዛይነር አንቺ ነሽ አይደል? ከሮቤ መጣሽ አሉ። እሰይ።

ያ የምትሰሚው የመኪና ጩኸት ከመንገድ አይደለም፤ ከዚያ ከተከፈተው የአለቃችን በር ነው። ሥራ ላይ ናቸው... ማለቴ የኮምፒውተር እሽቅድምድም ላይ። ድምፄን ልቀንስ? ለምን? ሰው ሲመሰገን በሹክሹክታ ነው እንዴ? ደግሞ እኔ የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ደግ ሰው ስሙ ሲጠራ ያፍራል... የሚያፍር ከሆነ።

ከአንቺ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ዘይቱና የምትባል ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመት የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የምረቃ መጽሔት ስትሠራ ኖራለች። ስክሪኗ አርጅቶ ይርገበገባል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እሷ ግን ሳታለቅስም እንባ አልገደዳትም፤ ከምሳ በኋላ ዓይኗ ደም ይመስል ነበር። እኚያ ደግ ሰው አዩና አዘኑ። «ዘይቱና፣ አዲስ አበባ ስሄድ ለዓይንሽ የሚመች ስክሪን አመጣልሻለሁ፤ የምትፈልጊውን ጻፊልኝ» አሏት። እንዲህ የሚል አለቃ ስንቱ አለው?

ጻፈች። የማይርገበገብ፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ፣ ቀለሙ የሚታመን፣ ከፍና ዝቅ የሚል። አራት መስመር ነው። ወረቀቷን ተቀብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ በልባቸው በኩል... ልብ በግራ ነው አይደል?

ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞሩ አሉ። ዓይን አውጥተው... ይቅርታ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው መረጡ። ያመጡት ስክሪን ስፋቱ የሳሎን ጠረጴዛ ያህላል፤ ጎበጥ ብሎ የተቀመጠበትን ሰው ሊያቅፍ ይደርሳል። ምስሉ በሰከንድ መቶ ስልሳ ጊዜ ይታደሳል፣ ለጌም ተብሎ የተሠራ። ለሠርግ ካርድ ይሄ ግድ ነው እኮ፤ ሙሽሮቹ ካርዱ ላይ ቢሮጡስ?

ዘይቱና ጠረጴዛዋን ወልውላ ጠበቀች። ስክሪኑ በአጠገቧ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። «መጀመሪያ እኔ ልሞክረው፤ ዓይንሽን እንዳይጎዳው» አሏት። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሞከሩላት። ሲሾም ያልተጫወተ ሲሻር ይቆጨዋል... ተረቱ እንዲህ አልነበረም እንዴ? ለእሷም አልነፈጓት፤ የራሳቸውን አሮጌ ስክሪን ሰጧት፣ ነጩን ቢጫ የሚያሳየውን።

አምና ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ከጎበሳ መጥተው ለልጃቸው ለኢፍቱ ሠርግ ካርድ አዘዙ፣ ወርቅማ በነጭ። በዘይቱና ስክሪን ላይ ወርቅ ነበር፤ ከማተሚያው ሲወጣ ጭቃ ሆነ። ኦቦ ቱፋ አንዱን ካርድ መስኮት አጠገብ ወስደው አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አሏት። «ስክሪኑ ነው አባባ፣ ቀለም አያሳየኝም» አለች። ደጉ ሰው በራቸው ላይ ቆመው፣ «ስክሪኑ ምን አደረገሽ? እኔ ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ዓይንሽን ተመርመሪ» አሏት፣ በሰው ፊት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? እዚህ ቤት ግን አይጥ የለም፤ ያለው ማውስ ብቻ ነው።

እኔም ያን ቀን ስክሪኑ ማን ጋ እንደገባ እያወቅሁ ሙጫዬን እየቀባሁ ዝም አልኩ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። እሱን አልዋሽሽም።

መኪናው ጸጥ አለ እንዴ? ነዳጅ ጨርሶ ይሆናል... እኛ ጨዋታችንን እንቀጥል።

ዘይቱና ታዛዥ ናት፤ እንደተባለችው ተመረመረች። ሐኪሙ «ዓይንሽ በጣም ደክሟል፤ ማረፍ አለበት» ብሎ ጻፈላት። ወረቀቱን ስታሳያቸው አዘኔታቸውን ብታዪ... በዚያው ዕለት አሳረፏት። ከሥራ። አሁን አቦምሳ ከተማ፣ እህቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ባለፈው ደውዬላት ነበር። ተሽሎኛል አለችኝ፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን አሁንም እንባዋ ይወርዳል። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ስለ ገበያ አውርቼ ዘጋሁት።

አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ያ ነጩን ቢጫ የሚያደርገው ስክሪን አሁን የአንቺ ነው። ደግሞ ትናንት «ምን ዓይነት ስክሪን ይመችሻል? ጻፊልኝ» ተባልሽ አሉ። ጻፊ እንጂ፣ ለምን ትተያለሽ? ግን በሁለት ቅጂ ጻፊው፤ አንዱን እኔ ጋ አስቀምጪ። ስክሪኑ ማን ጋ እንደገባ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ዘንድሮ እኔ እናገራለሁ። እስከዚያው ከመስኮቱ ፊት ዘወር በይ፣ ስክሪኑን በሁለት እሽግ ወረቀት ከፍ አድርጊው፣ ዓይንሽን ቶሎ ቶሎ አሳርፊ። ቀለም ሳታረጋግጪ ደግሞ ምንም እንዳታሳትሚ።

ለእኚያ ደግ ሰውማ ከምርቃት ሌላ ምን አለኝ? እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ዓይናቸውን እስከ መቶ ዓመት ጥርት አድርጎ ያቆይላቸው... የሠሩትን ሁሉ፣ አንድም ሳያመልጣቸው፣ ቁጭ ብለው እንዲያዩት። አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።